ዲስኩን እርሺው፣ ፋይሉን አውጪ

«ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ላፕቶፔ ስድስት ዓመት አገልግሎኛል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ፎልደር ስከፍት ቀጥ ይላል። አንዳንዴም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። የጥናቴ ምዕራፎች፣ መስክ ወጥቼ የቀዳኋቸው ቃለ መጠይቆች፣ የልጆቼ ፎቶ፣ ሁሉም ያለው እሱ ላይ ነው። ወንድሜ ቼክ ዲስክ አስኪጂበት፣ ይስተካከላል ይላል። ጓደኛዬ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው አለችኝ። ያሳየሁት ቴክኒሻን ደግሞ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት ባይ ነው። እኔ ካጠፋሁት ድጋሚ አይነሳም ብዬ ስለፈራሁ ይኸው ሌት ተቀን እንደበራ ነው። ምን ላድርግ?»

ግራ የገባት

እህቴ፣ ሦስቱም መካሪዎችሽ በጎ አስበው ነው። ግን ሦስቱም የሚያወሩት ላፕቶፑ እንዴት ደህና እንደሚሆን ነው። ያንቺ ጭንቀት እሱ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ሌላ ይገዛል። መስክ ወጥተሽ የቀዳሽው ቃለ መጠይቅ ግን የትም አይሸጥም። ስለዚህ ዲስኩን መጠገን የሚባለውን ሐሳብ ከአሁኑ እርግፍ አድርገሽ ተዪው። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ዲስክ ተመልሶ የሚታመን አይሆንም። ከሱ የምትፈልጊው የያዘውን አስረክቦሽ እንዲሰናበት ብቻ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ድምፁን እንይ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ክብ ሳህኖች አሉ። በላፕቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከበላያቸው ቀጭን ክንድ አለ፤ ጫፉ ላይ አንባቢ ራስ ተተክሎበታል። ራሱ ሳህኑን አይነካውም። በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። አንዲት የአቧራ ብናኝ እንኳ ከዚያ ክፍተት ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ራሱ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቀው ፋብሪካ ውስጥ ሳህኑ ላይ የተጻፉ ምልክቶችን እያነበበ ነው። ምልክቱ ሲጠፋበት ክንዱ ወደ መነሻው ይመለስና እንደገና ይሞክራል። ቀጭ የሚለው ያ መመላለስ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ መንገዱን ስቶ እያገኘው ነው ማለት ነው። ሳያቋርጥ ከሆነ ግን ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ራስ ሳህኑን ሲፍቀው የሚፋቀው ያንቺው ፋይል ነው።

ፎልደር ስትከፍቺ ቀጥ የሚለውም የዚሁ በሽታ ምልክት ነው። መረጃው የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። አንዱ አልነበብ ሲል ዲስኩ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለአንዲት ሴክተር ብቻ ብዙ ሰከንድ ሊያጠፋ ይችላል። ዊንዶውስም መልስ እስኪመጣለት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ላንቺ የቆመ ይመስልሻል እንጂ ዲስኩ የሚለፋው በዚያች ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ይጥፋ ወይስ እንደበራ ይቆይ?

ፍርሃትሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የደከመ ዲስክ አንዳንዴ ከጠፋ በኋላ ሲነሳ እምቢ ይላል። ግን አብርቶ መተውም ማሳረፍ አይደለም። አንቺ ባትነኪውም ዊንዶውስ አርፎ አይቀመጥም። ሎግ ይጽፋል፣ ፋይሎችሽን ለፍለጋ ይመዘግባል፣ ዝማኔ ያወርዳል፣ ጸረ ቫይረሱም ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እዚያው የታመመ ዲስክ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉልበቱን ሲጨርስ ላንቺ አንዲት ፋይል አላወጣልሽም። ልወቅስሽ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው በድምፁ ነው። ቀጭታው ሳያቋርጥ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ብረት ሲፋቅ ዓይነት ድምፅ ካለ፣ ይህን ማንበብሽን ትተሽ አጥፊው። አልጠፋም ካለ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ተጭነሽ ያዢው። እንደዚያ ዓይነቱ ዲስክ ምን እንደሚደረግ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ድምፁ አልፎ አልፎ ከሆነና ፋይሎችሽ አሁንም የሚከፈቱ ከሆነ ግን ከማጥፋትሽ በፊት አንድ ሥራ አለሽ።

ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ አምጪና ሰኪ። ኢንተርኔቱን አቋርጪ፤ ዝማኔው ጋብ ይላል። የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ። ከዚያ የማይተካውን አስቀድሚ። የጥናትሽ ምዕራፎች ይቅደሙ፤ ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም፣ ባንድ አፍታ ይወጣል። ቀጥሎ ቃለ መጠይቆቹ። ከዚያ ፎቶዎቹ። ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የፕሮግራም መጫኛ ካለ አትንኪው፤ ሁሉም ሌላ ቦታ ይገኛል። ሰው ሲደነግጥ ሁሉንም መርጦ ወደ ፍላሹ ይጎትታል። ዲስኩም የመጨረሻ ጉልበቱን ሦስት ጊዜ ያየሽው ፊልም ላይ ይጨርሰዋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን የምትጎዳ ነገር ልንገርሽ። የፎቶ ፎልደር ስትከፍቺ ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ፎቶ ትንሽ ምስል ሊያሳይሽ ይሞክራል። ያን ለማድረግ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፎቶ በተራ ከዲስኩ ያነባል። ያንቺ ዲስክ ቀጥ የሚለውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የፎቶ ፎልደሮቹን ከመክፈትሽ በፊት የፎልደር አማራጮች (Folder Options) ውስጥ ገብተሽ ሁልጊዜ አይከን አሳይ፣ ትንሽ ምስል አታሳይ (Always show icons, never thumbnails) የሚለውን ምረጪ። እንዲያውም ፎልደሩን ጨርሶ ሳትከፍቺ ከውጭ መርጠሽ ኮፒ ብታደርጊው ይሻላል። ሲወጣ ደህና ይሁን ብለሽ ፎቶ በፎቶ እየከፈትሽ አትመልከቺ። ማየቱ ከኮፒው ላይ ይደርሳል።

በጥቂት በጥቂቱ ውሰጂ። አንዱ ፋይል ላይ ቆሞ ዳግም ይሞከር ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ እለፈው በዪና ወደሚቀጥለው ሂጂ። እልህ አትጋቢ። አንድ የማይነበብ ፋይል ላይ ስትታገዪ ከጎኑ ያሉት መቶ ጤነኞች ያመልጡሻል። ወንድምሽ በትእዛዝ መስመር መሥራት የሚወድ ከሆነ ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ መገልበጫ ማምጣቱ አይቀርም። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ካልተነገረው በስተቀር አንድ አልነበብ ያለ ፋይልን 1,000,000 ጊዜ ለመሞከር የተሰናዳ ነው፤ በየመሃሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። የሙከራውን ቁጥር ዜሮ ያድርገው።

ጥናት የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳቸው ነገሮችም አሉ። ዴስክቶፑ ላይ የተበተነውን አትርሺ። ማጣቀሻ የምትይዢው በዞቴሮ ከሆነ በተጠቃሚ ስምሽ ስር ዞቴሮ የሚባል ፎልደር አለ፤ ሙሉውን ውሰጂው። ኢሜይልሽ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ እሱም የራሱ ፋይል አለው። አሳሽሽ ውስጥ ያስቀመጥሻቸው የይለፍ ቃሎችም ከዲስኩ ጋር አብረው ነው የሚሄዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ዊንዶውሱ ገና እየሠራ ሳለ አጣሪ። ዲስክሽ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ ዲስኩን ወይም ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሻል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጧል። በስልክሽ ገብተሽ ፈልጊውና ወረቀት ላይ ገልብጪው። ያለሱ በዓለም ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ ፋይሉን አያነብልሽም።

ይህን ከጨረስሽ አጥፊው። ከዚያ በኋላ ሻይሽን ጠጪና ፋይሎችሽ ሌላ የት የት ሊኖሩ እንደሚችሉ በእርጋታ አስቢ። ለአማካሪሽ በኢሜይል የላክሽው ምዕራፍ አለ። ቃለ መጠይቁን የቀዳሽበት መቅጃ ወይም ስልክ አለ። በቴሌግራም ለቤተሰብ የላክሻቸው ፎቶዎች አሉ፤ እንደ ፎቶ ከተላኩ ጥራታቸው ይቀንሳል፣ እንደ ፋይል ከተላኩ ግን እንዳሉ ናቸው። የካሜራና የመቅጃ ሚሞሪ ካርድ ቢጸዳም፣ ሌላ ነገር ካልተቀዳበት፣ አሮጌው ፋይል ከውስጡ ሊወጣ ይችላል። ያገኘሽውን ያህል ከታመመው ዲስክ ላይ ሸክም ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሦስቱ ምክሮች። ወንድምሽ ያለው ቼክ ዲስክ የተሠራው የፋይል መዝገብ ሲዛባ ለማስተካከል ነው። ጤነኛ ዲስክ ላይ መብራት በድንገት ሲጠፋ ለሚፈጠር ችግር ደህና ነው። እየደከመ ባለ ዲስክ ላይ ግን በየሴክተሩ እየዞረ ማንበቡ፣ በሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ላይ ጆንያ ጭኖ ሩጥ እንደማለት ነው። የባሰው ደግሞ ማንበብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ይጽፋል። ማንበብ ያቃተውን መዝገብ የተበላሸ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። የፋይሎችሽ ስም ጠፍቶ ቁርጥራጫቸው ፋውንድ 000 የሚል ፎልደር ውስጥ ተከምሮ ልታገኚው ትችያለሽ። ላፕቶፑ ሲነሳ በራሱ ፍላጎት ዲስክ ልፈትሽ ካለሽ፣ ቆጠራው ሳያልቅ አንድ ቁልፍ ተጫኚና አስቁሚው።

ፍሪዘሩ የድሮ ወሬ ነው። ቀዝቅዞ የወጣ ዲስክ ላይ ከአየር የመጣ እርጥበት ጤዛ ይሆናል። ያ ጤዛ ሳህኑ ላይ ካረፈ፣ በናኖሜትር ክፍተት የሚንሳፈፈው ራስ ምን ላይ እንደሚወድቅ አንቺው ገምቺ። ማንኳኳት፣ መገልበጥ፣ በብሎን መፍቻ ክዳኑን ከፍቶ ማየትም ከዚሁ ወገን ነው።

የቴክኒሻኑ ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። ፎርማት ሲባል ብዙ ሰው ማጽዳት ብቻ ይመስለዋል። ፈጣኑ ፎርማት የፋይል መዝገቡን ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ከሥሩ ያለው ፋይል ለጊዜው አለ። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። በዜሮ የተሞላ ነገር አይመለስም። በፈጣኑ ቢያልፍልሽ እንኳ አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ማን ላይ እንደሚያርፍ ደግሞ አንቺም እሱም አታውቁም። ሰውየው ክፉ አይደለም። የሥራው ልማድ ላፕቶፕ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ላፕቶፑን ስትሰጪው ፋይሌን አውጣልኝ ካላልሽው፣ እሱ የሚሰማው አስነሳልኝ ብለሽ እንደሆነ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ዲስኩ ደህና ነው የሚልሽ ሰው ሊገጥምሽ ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቂ ማለት ነው። መታየት ያለባቸው በ05፣ በሲ5 እና በሲ6 የተመዘገቡት መስመሮች ናቸው፤ የተተኩ፣ መነበብ አቅቷቸው የተንጠለጠሉና ጨርሶ የማይነበቡ ሴክተሮች ብዛት። በሲ7 ያለው ብቻ አድጎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ጥፋቱ የኬብሉ ሊሆን ይችላል፤ ኬብል መቀየር ደግሞ ቀላል ነው። ግን ሰማያዊ ስላየሽ አትዘናጊ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚያ መዝገብ አንዳች ምልክት አላሳዩም ነበር። በሌላ በኩል በፍተሻ የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ምንም ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ያንቺው በጆሮሽ እየነገረሽ ስለሆነ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግሽም። እንዲያውም አሁን እሱ ላይ ምንም አትጫኚ።

እሺ፣ ፍላሽ ላይ ያልወጣው የቀረውስ? እዚህ ላይ ወንድምሽን ጥሪው። ዓላማው ፋይል በፋይል መልቀም ሳይሆን፣ ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ ወደ ሌላ መገልበጥ ነው። ኢሜጅ ይሉታል። ኢሜጁ ከተያዘ በኋላ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም እሱ ላይ ትሞክራላችሁ፤ ብትሳሳቱም ዋናው አይነካም።

ለዚህ ሥራ ዊንዶውስ አይሆንም፤ የታመመ ዲስክ ሲያይ ልክፈተው፣ ልጠግነው፣ ፎርማት ልድርገው እያለ ያስቸግራል። በሌላ ኮምፒውተር ሊነክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሥርዓት፣ ያለበት ፍላሽ አዘጋጁ። ሲስተም ሬስኪው የሚባለው ለዚሁ ተብሎ የተሰናዳ ነው። ላፕቶፑን በዚያ ፍላሽ ካስነሳችሁት ዲስኩን መንቀል እንኳ አያስፈልግም። መቀበያ የሚሆን ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ ያስፈልጋችኋል፤ አቅሙ ከታመመው የሚበልጥ ይሁን። ላፕቶፑ ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀመጥ። አልጋና ትራስ ላይ አይሁን፤ ይሞቃል። እየሠራ ሳለ አታንሱት፣ አታዘንብሉት።

መሣሪያው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ይባላል። ከተራ ኮፒ የሚለየው በብልሃቱ ነው። መጥፎ ቦታ ሲደርስ አይታገልም። ዘሎት ያልፍና በቅድሚያ ጤነኛውን ክፍል በሙሉ ይሰበስባል። ያለፋቸውን ቦታዎች ካርታ በሚባል ፋይል ይመዘግባል። ደህናው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ጠርዝ ጠርዙን ይቀረጥፋል፤ የመጨረሻውን ትግል ለመጨረሻ ያቆየዋል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም ዲስኩ ሞቆ ብታሳርፉት፣ ካርታው ካለ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ካርታውን አታጥፉ፤ በማስነሻው ፍላሽ ላይ ሳይሆን መቀበያው ዲስክ ላይ አስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ የዳነው በመቶኛ እየጨመረ ሲሄድ ታያላችሁ። መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፤ ኋላ ላይ ይንቀረፈፋል። አንድ ቴራባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ ሦስት ሰዓት አይሞላም። የታመመ ዲስክ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። 99 በመቶ ላይ ደርሶ ቢያዘግም አትበሳጩ፤ ላንቺ የሚያስፈልግሽ ምናልባት ሁሉም ገብቷል።

ወንድምሽን አንድ ነገር አስጠንቅቂው። ምንጩና መቀበያው ከተለዋወጡ ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጣል፤ ያኔ ሁሉም ነገር አለቀ። ሁለቱን በአቅማቸውና በመለያ ቁጥራቸው ይለይ፣ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ አንቺም ከጎኑ ሆነሽ አንብቢለት። ከዚያ በኋላ ነው አስገባ የሚለውን የሚጫነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለምዶት ካላየሽው ደግሞ በዚህ አይማርበት። ሌላ የማያስፈልግ ዲስክ ላይ ይለማመድ።

ኢሜጁ ሲያልቅ የታመመውን አጥፍታችሁ ዞር አድርጉት። ኢሜጁን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ እንዳሉ ከታዩ እሰየው። ካልታዩ ቴስት ዲስክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የጠፋ ክፍልፍል ይፈልጋል። እሱም ካልሆነ ፎቶ ሬክ አለ፤ ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ የድምፅና የጽሑፍ ፋይልም ያወጣል። ጉዳቱ ስምና ፎልደር አያመጣም፤ በሺህ የሚቆጠሩ በቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች ይከምርልሻል። ለልጆችሽ ፎቶ ግን አትጨነቂ። የተነሱበት ቀን እዚያው ፎቶው ውስጥ ስለሚጻፍ በቀን ደርድሪያቸው። ቃለ መጠይቆቹን ማዳመጥና መሰየም ግን ያንቺ ዕዳ ነው።

ያ ሳያቋርጥ ቀጭ የሚለው ዲስክስ? ወይም ጨርሶ የማይታየው፣ አቅሙን ዜሮ ብሎ የሚያሳየው፣ ከወደቀ በኋላ የታመመው? እሱ የቤት ሥራ አይደለም። ዲዲሬስኪውም አይሞከርበት። የተሰበረ ራስ በፕሮግራም አይድንም። የውስጥ ክፍሉ የሚለወጠው አቧራ በተጣራበት ክፍል ውስጥ፣ ከተመሳሳይ ሞዴል ዲስክ በተወሰደ መለዋወጫ ነው። ከላይ ያለውን አረንጓዴ ሰሌዳ ከሌላ ዲስክ ነቅሎ መግጠምም እንደድሮው አይደለም። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ መለኪያ ያለበት ትንሽ ቺፕ ሰሌዳው ላይ አለ፤ እሱ አብሮ ካልተዛወረ አይሠራም።

ባለሙያ ዘንድ ስትሄጂ ጥቂት ጥያቄ ያዢ። ዲስኩን የምትከፍቱት የት ነው? መጀመሪያ ኢሜጅ ትወስዳላችሁ ወይስ በቀጥታ እሱ ላይ ትሠራላችሁ? ፋይሉ ካልወጣስ ታስከፍላላችሁ? ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋውን ትነግሩኛላችሁ? ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ ፊትሽ ሊከፍት የብሎን መፍቻ ያነሳ ሰው ካጋጠመሽ ተቀብለሽው ውጪ። የምትፈልጊያቸውን ፎልደሮች ስም በቅደም ተከተል ጽፈሽ ስጪ። እስካሁን የተደረገበትንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ፍሪዘር ገብቶ ከነበረ እሱንም ጭምር።

የሚያነቡን ሌሎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የላፕቶፓችሁ ዲስክ ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በሳህን ሳይሆን በቺፕ የሚይዘው ዓይነት፣ ከሆነ ቀጭ የሚል ድምፅ አትጠብቁ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ማንበብ ብቻ እየፈቀደ መጻፍ ይከለክላል፤ ያን ቀን ሳይመሽ ኮፒ ማድረግ ነው። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ኤስኤስዲ ላይ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ቦታውን ራሱ ያጸዳዋል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ፋይሎችሽ ሲወጡ አንድ ኤክስተርናል ላይ አስቀምጠሽ ተገላገልኩ አትበዪ። ያኔም ያለሽ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ብቻ ተቀየረ። የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ላንቺ ላፕቶፑ ላይ አንድ፣ ኤክስተርናል ላይ አንድ፣ ክላውድ ላይ አንድ ቢሆን ይበቃሻል። ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ አይዋል፤ ቫይረስም ሌባም ሁለቱን ባንዴ ይወስዳቸዋል። ክላውድ ላይ በራሱ የሚመሳሰል ፎልደርን ብቻም አትመኚ። እዚህ ስትሰርዢ እዚያም ይሰረዛል። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ መላክ ለጥናትሽ ምዕራፍ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ለቃለ መጠይቆቹ ግን ተጠንቀቂ። ያናገርሻቸው ሰዎች ድምፃቸው የት እንደሚቀመጥ ቃል ገብተሽላቸው ከሆነ፣ በይለፍ ቃል ቆልፈሽ ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው።

ኮፒው መሥራቱን ሳታረጋግጪ የታመመውን ዲስክ አትጣዪው። ስምና መጠን ማየት አይበቃም። ከየቃለ መጠይቁ መሃል ላይ ጥቂት ደቂቃ አዳምጪ፤ ኢሜጁ ሲወሰድ የጎደለ ቁራጭ ካለ ፋይሉ ከመጀመሪያው ደህና መስሎ መሃል ላይ ጸጥ ሊል ይችላል። ፎቶዎቹን በትልቁ ክፈቺ፤ የተበላሸ ፎቶ ከግማሽ በታች ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የጎደለው ነገር የማይተካ ከሆነ ያው አሮጌው ዲስክ ነው ወደ ባለሙያ የሚሄደው። ምንም ካልጎደለሽ ደግሞ ለማንም አትስጪው፣ ቆሻሻ ውስጥም እንዲሁ አትወርውሪው። አንቺን ያስቸገረሽ ዲስክ መሣሪያ ላለው ሰው ሊነበብ ይችላል። ሳህኖቹ እስኪጣመሙ ወይም እስኪሰባበሩ ወንድምሽ በመዶሻ ይምታው። አንዳንድ የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን መስታወት ስለሆነ ጨርቅ ይጠቅልለው፣ ዓይኑንም ይሸፍን።